የኮሶ ሻጭ ልጅ፤ ስለ ስም ማጥፋትና ስለ ዳኝነቱ

በስሜን ደጋ፣ በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ ያለችውን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዘውድ ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይህችን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው እንደ ነበረ፤ ነገር ግን በየካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ድል ሆነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ የቋራው ካሣ በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ እንደ ነገሠባት ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ከዘውዱ በፊት የተነገረና በዘውዱም ያልተሸፈነ አንድ ቃል ነው። ቃሉም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ነው።

ኮሶ በስሜንና በወገራ ደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። አበባው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ የሆድ ትልን ያወጣል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ከመኳንንት እስከ ገበሬ ይህን መራራ ጽዋ የማይቀምስ አልነበረም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ሰው ሁሉ ሲፈልገው ሻጩን ሰው ሁሉ ይንቀው ነበር፤ በገበያ ኮሶ ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት ሌላ መተዳደሪያ ያጣች ድኻ ተብላ ትቆጠር ነበርና። የካሣ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ከባላቸው ከተለዩ በኋላ ጎንደር ገብተው በችግር ሲኖሩ ኮሶ ሸጠዋል የሚለውን ወሬ ባላንጣዎቹ ከአፋቸው አልለዩትም። እውነት ነው የሚሉ አሉ፤ ወይዘሮዋ የትልቅ ሰው ወገን ናቸው ብለው የሚክዱም አሉ። በእኛ አስተያየት ልጇን ለማሳደግ መድኃኒት የሸጠች እናት የምታፍርበት ነገር የለም። ነገር ግን ስድብን የሚያከብደው የቃሉ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ ሰሚው በቃሉ ውስጥ የሚያገኘው ንቀት ነው።

ካሣ ገና ሽፍታ ሳለ በ1839 ዓ.ም. በደምቢያ ላይ በበረታ ጊዜ፣ ጎንደርንና አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን አዘመቱበት። ወንድይራድም ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብሎ በአደባባይ ፎከረ ይባላል። ጦሩ ግን ተሸነፈ፤ እርሱም ተማረከ። ከዚህ በኋላ የሚተረከውን በጎንደር አገር የማያውቅ የለም፤ ካሣ እናቴ ዛሬ ገበያ ሳይቀናት ስለ ቀረ ያልተሸጠውን ኮሶ አንተ ትጠጣዋለህ ብሎ ለፎካሪው ጽዋውን አስቀረበለት። ካሣ ማለት በሕግ ቋንቋ የጉዳት ዋጋ ማለት ነው፤ ባለ ስሙም ዋጋውን በገዛ እጁ ተቀበለ። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኛም ስቀናል። ዳሩ ግን ይህ ዓይነቱ ካሣ ጦር ላለው ሰው ብቻ የሚገኝ ነው።

ጦር የሌለው ሰውስ ምን ያደርግ ነበር? በአገራችን ልማድ የተሰደበ ሰው ሰዳቢውን «በሕግ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል። ይህች ቃል ከተነገረች በኋላ እግሩን ያነሣ ሰው በሕግ ላይ እንደ ሸፈተ ይቆጠር ነበር። ከዚያም ነጠላ ለነጠላ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛ ሩቅ ከሆነ መንገደኛውም ቢሆን ለጊዜው ዳኛ ይሆን ነበር፤ የውጭ አገር ተጓዦች አይተው እጅግ የተደነቁበት ነገር ይህ ነው። ዋስ ተጠርቶ፣ እሰጥ አገባ ተባብሎ፣ በበላ ልበልሃ ሥርዐት ክርክሩ ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር፤ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይወድቃል፣ የተባለውም ቃል በተባለበት ጉባኤ ፊት ይመለሳል። በዚህ በኋለኛው ላይ እናተኩራለን፤ ስም የጠፋው በሰው ፊት ስለ ሆነ የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው ማለት ነውና። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው 51 አንቀጽ ያለው ፍትሐ ነገሥት ነበረ። ይሁን እንጂ ይህን መጽሐፍ የሚያነብና የሚተረጉም ሊቅ የሚገኘው በትልልቁ ደብርና በንጉሡ ችሎት ስለ ሆነ፣ የደረስጌ ገበሬ በጥቃቅኑ ነገር የሚዳኘው በልማዱ ነበር።

ስለ ስም ማጥፋት በንጉሡ ችሎት በመጽሐፍ የተፈረደበት ታላቅ ነገር ሊገኝ ከተፈለገ ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። መነሻው ዛሬ ዳባት ከተማ ባለችበት በወገራ ሜዳ ነው። ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚስዮናዊ፣ በትውልዱ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሆኖ ለንደን ላይ ክርስትናን የተቀበለ ሰው፣ ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ በ1852 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። ተመልሶም ስለ ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ላይ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ሸጠው እንደ ነበረ ጻፈ። ወንድይራድ የፎከረው ቃል በሜዳ ተነግሮ በሜዳ ሊቀር ይችል ነበር፤ ይህኛው ግን በማተሚያ ቤት ተባዝቶ ንጉሡ በማይደርሱበት አገር ተበተነ።

ስተርን ሁለተኛ መጥቶ ወደ ምጽዋ ሊመለስ ሲነሣ፣ በጥቅምት ወር 1856 ዓ.ም. በወገራ ሜዳ የንጉሡን ድንኳን አይቶ ሊሰናበት ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ በቁጣ ላይ ነበሩ። ሁለቱ አገልጋዮቹ ተደብድበው ሞቱ፤ እርሱም በድንጋጤ ጣቱን ወደ አፉ ቢያስገባ በአገሩ ልማድ እንደ በቀል ዛቻ ተቆጠረበትና ተደብድቦ ታሰረ። የእነዚያን አገልጋዮች ሞት በዚህ ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። እኛ ግን የጌታቸውን መጽሐፍ ላያነቡ ለሞቱ ሰዎች ማንም ፍርድ እንዳልጠየቀላቸው ሳናስታውስ ልናልፍ አንወድም።

ከዚህ በኋላ የስተርንና የባልደረባው የሮዘንታል ወረቀት ተበረበረ። በኅዳር ወር ጎንደር ላይ ታላቅ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ መኳንንቱና ሊቃውንቱ፣ በአገሩ የነበሩት አውሮፓውያን ሠራተኞች ሳይቀሩ ተጠርተው ተቀመጡ። ንጉሡን የሚነካው ቃል ከመጽሐፉና ከወረቀቱ ተለቅሞ ተነበበ። ፍትሐ ነገሥት ቀርቦ ንጉሥን የሰደበ ምን ይገባዋል ተብሎ ተጠየቀ፤ የተሰጠውም ፍርድ ሞት ነበር። ንጉሡ ፍርዱን አላስፈጸሙም፤ ሰውዬው ግን በእስር ቆየ።

ይህን ጉባኤ አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የቁጣ ጨዋታ አድርገው ይስሉታል። እኛ እንዲህ ብለን ልናልፈው አንችልም። በወገራ ሜዳ በዱላ የጀመረው ነገር በጎንደር ወደ መጽሐፍ መመለሱ፣ ክሱ በአደባባይ መነበቡ፣ የተከሳሹም ወገኖች ተጠርተው እንዲሰሙ መደረጉ ሕግ የሚፈልገው ሥርዐት ነው። ጉድለቱም ግልጥ ነው፤ ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ፍርዱን አስፈጻሚውም አንድ ሰው ነበሩ። በዚያ ጉባኤ ተነሥቶ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር። በእንግሊዞች ትገዛ በነበረችው በኒውዮርክ ግን ዜንገር የተባለ አታሚ አገረ ገዥውን ነቅፈሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1735 ሲከሰስ፣ ጠበቃው ጥያቄውን በዚሁ በእውነትና በሐሰት ላይ አቁሞ ደምበኛውን ነጻ አስወጥቶታል።

የነገሩ ፍጻሜ የታወቀ ነው። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ፣ የቀደሙትን ነገሥታት አባቶቼ እያሉ የጠሩበት ደብዳቤ፣ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ካሜሮንም ታሰረ። እስረኞቹን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደር ይዞ መጣ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የመቅደላ ጦርነት በኮሶ ምክንያት ተነሣ ማለታችን አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ያልተመለሰው ደብዳቤ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው ሳይመለስ ሲቀር ንጉሡ በዝምታው ውስጥ ያንኑ የቆየ ንቀት ሰምተው ይሆናል ብለን ብንገምት ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ዕለት የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ኋላም በ1949 ዓ.ም. የወጣው፣ እንደዚሁም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ነገር ከንጉሥ ቁጣ አውጥተው በአንቀጽ አሠሩት። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ከቁጥር 2044 እስከ 2049 ባለው ክፍል ዛሬም ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት በቃልም ሆነ በጽሕፈት ወይም በሌላ መንገድ ሌላውን ሰው የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ የሚያደርግና መታመኑን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚጎዳ ሰው ጥፋተኛ ነው። ለመጉዳት አላሰብሁም ማለት ብቻውን አያድንም።

እስቲ ስተርንን በዚህ ሕግ ፊት እናቁመው። መጽሐፉ ሰሚው እንዲንቅ የሚያደርግ ስለ ሆነ በ2044 ይያዛል። ተከሳሹ ግን ሁለት መከላከያ አለው። አንደኛው በቁጥር 2046 ያለው ነው፤ የሕዝብ ጉዳይ በሆነ ነገር ላይ አሳቡን የገለጠ ሰው፣ አሳቡ ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቀ ካልሆነ በቀር አይጠየቅም። የንጉሥ አገዛዝ የሕዝብ ጉዳይ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የእናቱ ገበያ ግን የሕዝብ ጉዳይ ነው ለማለት እኛ አንደፍርም። ሁለተኛው በቁጥር 2047 ያለው እውነትነቱን ማስረዳት ነው። ይህም ቢሆን ገደብ አለው፤ ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ ለመጉዳት ብቻ ተብሎ እንደ ተነገረ ከተረጋገጠ ተናጋሪው ከመክፈል አይድንም። የወንጀሉ ሕግ ደግሞ ይጠብቃል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው በአንቀጽ 613 የሰውን ክብር ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ሰው የተናገረውን ነገሩ እውነት ቢሆንም ይቀጣዋል፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተናገረውን ደግሞ አብልጦ ይቀጣል። በፊት ለፊት የተነገረ ስድብ በአንቀጽ 615 ለብቻው ተቀምጧል። ወንድይራድን እንግዲህ በ613 እንከሰው ነበር፤ የፎከረው ካሣ በሌለበት ነበርና።

በሕትመት የተደረገውን በተመለከተ የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 2049 የሽማግሌውን ልማድ የሚመስል ነገር አለው። ጋዜጣው የጻፈው ያለ ክፉ አሳብና ያለ ከባድ ቸልተኝነት እንደ ሆነ፣ ተበዳዩ በጠየቀ ጊዜ ወዲያው ቃሉን መልሶ ይቅርታ ከጠየቀ አይጠየቅም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የተፈጸመን ስም ማጥፋት ከእስራት አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር ክስ ብቻ ተወው። በካሣው መጠን ግን ሕጉ ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርቷል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙ የጠፋውን ሰው የሚያጽናና፣ ያጠፋውንም የሚያስፈራ አይደለም። ዐዋጅ ቁጥር 590 በመገናኛ ብዙኃን ለተደረገው እስከ 100,000 ብር ከፍ አድርጎት ነበር፤ በገበያና በሰፈር ለተነገረው ግን ያው 1,000 ብር ነው።

በስሜንና በወገራ ግን ከሁሉ የከፋው የስም ማጥፋት ቃል ስለ ኮሶ የተነገረው አልነበረም። «ቡዳ» የሚለው ነው። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ፣ ማሰሮዋን የምትሠራለትን ሸክላ ሠሪ፣ በተለይም ቤተ እስራኤልን ሰው በላ፣ በሌሊት ጅብ የሚሆን እያለ አገሬው ሲያማ ኖሯል። ልጅ ቢታመም፣ ላም ብትነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነርሱ ነበር። ስተርን ሊሰብክላቸው የመጣው ሕዝብ ይህ ነው። ንጉሡ ተሰደቡ ብሎ ፍትሐ ነገሥት የገለጠው ጉባኤ በዚያው ከተማ ጥግ ሸክላ ስለምትሠራው ሴት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። «በሕግ አምላክ» ብላ ብታቆመው እንኳ የሚቆምላት ማን ነበር? የኮሶ ሻጭ ልጅ ዘውድ ደፍቶ ቃሉን አሸነፈው፤ የቀጥቃጭ ልጅ ግን መዶሻውን ይዞ ቃሉን ተሸክሞ ኖረ።

ዛሬ ይህን ቃል የሚሸከም ሰው ምን መንገድ አለው? የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 2045 በጅምላ በአንድ ወገን ላይ የተነገረ ቃል አንድን ሰው ለይቶ እንደሚጎዳ ተናጋሪው ሊያስብ የሚችል ካልሆነ በቀር ጥፋት አይደለም ይላል። ስለዚህ ቀጥቃጮች ሁሉ ቡዳ ናቸው ያለውን በዚህ መክሰስ ያስቸግራል፤ በብሔር ወይም በሃይማኖት ወገንን ለይቶ ጥላቻ ለሚነዛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185 አለ። ስሙ የተጠራ ወይም ቤቱ በጣት የተጠቆመ ሰው ግን በደባርቅም ሆነ በዳባት ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድ ተከፍቶለታል። በወንጀል ከሆነ ነገሩ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ስለ ሆነ ማን እንደ ተናገረ ካወቀ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልገዋል፤ ካሣ ለመጠየቅ ከሆነ 2 ዓመት አለው። እኛ በሥራችን ካየናቸው ማመልከቻዎች ብዙዎቹ የሚወድቁት ባለጉዳዩ እውነት ስለ ጎደለው አይደለም፤ ጸሐፊው ቃሉን ከማፈሩ የተነሣ «አጸያፊ ስድብ ሰደበኝ» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። የተባለው ቃል እንደ ተባለ፣ ቀኑና ቦታው፣ የሰሙትም ሰዎች ስም በማመልከቻው ላይ መጻፍ አለበት።