ከማይጨው እስከ ዲጂታል ሬዲዮ፦ የመገናኛ ምስጢር ታሪክ



ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ መሸንቲን ያገኛል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ዳንግላን የለቀቀው የጣሊያን ጦር ወደ ባሕር ዳር ያፈገፈገው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ስለዚያ ዘመን ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ መድፍንና አውሮፕላንን እናነሣለን። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ሬዲዮን ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ በአየር ላይ የተለቀቀ ቃል የማን ነው? ዓመታቱን የምጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከማይጨው እንጀምር። ውጊያው የተካሄደው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለማጥቃት መወሰናቸውን ለእቴጌ መነን በሬዲዮ አስታወቁ። ውሳኔው ለጳጳሱና ለሚኒስትሮች በምስጢር እንዲነገርና ጸሎት እንዲደረግም አሳሰቡ። በምስጢር ይነገር የተባለውን ቃል ግን የጣሊያን ጠላፊዎች ሰምተውት ነበር፤ ማርሻል ባዶሊዮ ራሱ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል። ድሉን የወሰነው ጠለፋው ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ አውሮፕላኑ፣ መድፉና የመርዝ ጋዙ ነበሩ። ሆኖም ያልተዘጋጀ ጠላትን በድንገት የማጥቃት ዕድል፣ ለደካማው ወገን ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ፣ ከሠራዊቱ እጅ ወጥቶ ነበር። የአቃቂው የሬዲዮ ጣቢያም ከወረራው አስቀድሞ በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። መሣሪያውን የሠራ ወገን አሠራሩን ከተጠቃሚው ይልቅ ሊያውቅ ይችላል።

በአምስቱ የወረራ ዓመታት የጎጃም አርበኞች በመልእክተኛና በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። ደብዳቤ በአገራችን ማኅተም ይታተምበታል፤ ማኅተሙም የላኪውን ማንነት ይመሰክራል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የኮሎኔል ሳንድፎርድ ሚሽን 101 ወደ ጎጃም ሲገባ ከካርቱም ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ ይዞ ነበር። በዚያው ዘመቻ ነገሩ ተገለበጠ፤ ጣሊያኖች መልእክታቸውን በምስጢር ጽሕፈት ቢልኩም እንግሊዞች አብዛኛውን ይፈቱት ነበር። ማይጨው ላይ ሰሚ የነበረው ወገን በ1933 ዓ.ም. ተሰሚ ሆነ። ያልተመሰጠረ ቃል መጋለጡ ግልጽ ነው፤ በደካማ ዘዴ የተመሰጠረ ቃል ግን ባለቤቱን ያዘናጋዋል፤ ስለዚህም የባሰ አደጋ አለው።

በዚያው ዘመቻ ጣሊያንኛ የሚያውቅ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ ጣሊያኖች ጥለውት ከሄዱት ምሽግ ስልክ አንሥቶ፣ በሌላኛው ጫፍ ላለው ወታደር ብዙ ጦር እየመጣ ነው ብሎ እንዳስደነገጠ ይነገራል። እዚህ ላይ የጎደለው ምስጢር ሳይሆን ማኅተም ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረም።

ወደ ዛሬው የእጅ መገናኛ ሬዲዮ እንለፍ። በዲጂታል ሬዲዮ ድምፅ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩም በምስጢር ቁልፍ ይመሰጠራል፤ ያንኑ ቁልፍ የያዘ ሬዲዮ ብቻ መልሶ ይፈታዋል። ብዙ ሰው ዲጂታል በመሆኑ ብቻ የተጠበቀ ይመስለዋል። ስሕተት ነው፤ ያልተመሰጠረ ዲጂታል ድምፅ ተመሳሳይ መቀበያ ላለው ሁሉ ክፍት ነው። አሠራሩ ቢታወቅ እንኳ ምስጢሩ በቁልፉ ብቻ መጠበቅ አለበት የሚለውን መርሕ ኬርክሆፍስ የተባለ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዘመን አስቀምጦታል።

መርሑ ሲጣስ የሚሆነውን ቴትራ አሳይቶናል። ቴትራ በብዙ አገሮች ፖሊስና የድንገተኛ አገልግሎት ሰጪዎች የሚገለገሉበት የአውሮፓ ደረጃ ነው፤ የምስጠራ ስልቶቹ ለረጅም ዘመን በምስጢር ተይዘው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች አንደኛውን ስልት፣ ቴአ1 የተባለውን፣ መርምረው ባለ 80 ቢት የተባለው ቁልፍ በተግባር ወደ 32 ቢት እንደሚቀነስ ይፋ አደረጉ። ይህ ወደ 4.3 ቢሊዮን ሙከራ ነው፤ ለተራ ኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላም የደረጃው ባለቤት የሆነው ተቋም ስልቶቹን ለሕዝብ ለመግለጥ ወሰነ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ነገ ለሆስፒታል፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ ወይም ለኃይል ማመንጫ ሬዲዮ የሚመርጡ ይኖራሉ። ዋጋውንና የሚደርስበትን ርቀት ብቻ አትጠይቁ። ምስጠራው በገለልተኛ ወገን ተመርምሯል? ቁልፉን ማን ይይዛል፣ በስንት ጊዜስ ይለወጣል? ሬዲዮ ሲጠፋ ከመረቡ እንዴት ይወገዳል? ተናጋሪው እርሱ ራሱ መሆኑስ በምን ይታወቃል? የማይጨው ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጊዜም ምርጫም አልነበራቸውም። እኛ ግን ሁለቱም አሉን።