የኪራይ ሱቅ

የአዲስ አበባ ልብስና ጫማ ሻጮች ኢንተርኔት ላይ ገበያ ሲወጡ ብዙዎቹ የጀመሩት በፌስቡክ ነበር። ገጽ መክፈት በነጻ፣ ገዢም በሽ። ጥር 2010 ላይ ግን ፌስቡክ የወዳጅ ዘመድ ጽሑፍ እንደሚያስቀድም፣ የንግድ ገጾች ልጥፍ እንደሚቀንስ አስታወቀ። መታየት የፈለገ «ቡስት» ማድረግ ነበረበት፤ ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው።

ገበያው ወደ ቴሌግራም ቻናል አዘነበለ። ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ በቃ! ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ያ ሱቅ አብሮ ጨለመ። ግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፤ ክፍያውም እዚያው ስልክ ላይ ማለቅ ጀመረ። ነጋዴው ተመቸኝ ሲል፣ የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ። እገዳው አምስት ወር ያህል ቆየ። ቪፒኤን የማያውቅ ደንበኛ ከቻናሉ ቀረ።

የሰው ወርቅ አያደምቅም። አሁን ተራው የቲክቶክ ነው፤ ነገ ሌላ ይመጣል። አከራዩ ይቀያየራል እንጂ ቁልፉ ነጋዴው እጅ ገብቶ አያውቅም። ቻናል ሲዘጋ ሁለት ሺህ ተከታይ ምንም አይሠራም፤ ደብተር ላይ የሰፈረ የሃምሳ ደንበኛ ስልክ ግን ይደወልበታል።