የቡሽ ዓሣ፦ ላውሪ ራፓላና በእጅ የተቀረጸው ማጥመጃ

አዳኝ ዓሣን በመንጠቆ ላይ በተሰካ ትል ወይም ሥጋ ከመያዝ ይልቅ፣ ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከላባ ተሠርቶ በውሃ ውስጥ ሲጎተት ሕይወት ያለው በሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ማታለል እጅግ ጥንታዊ ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ከግለሰብ እጅ ሥራ ወደ ፋብሪካ ምርት መሸጋገር የጀመረው ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በአሜሪካ ጁልዮ ቡኤል የማንኪያ ቅርጽ ላለው የብረት ማጥመጃ እ.ኤ.አ. በ1852 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል፤ የሚሺጋኑ ጄምስ ሄደንም ከእንጨት ለተሠራ ማጥመጃው በ1902 ተመሳሳይ መብት አስመዝግቧል። ሆኖም አንድ ድኻ አጥማጅ የዓሣን ጠባይ በትዕግሥት አጥንቶ፣ በቤቱ ያገኘውን ቁራጭ ሁሉ ሥራ ላይ አውሎ ምን ያህል ሊራቀቅ እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የፊንላንዳዊው የላውሪ ራፓላ ታሪክ ነው።

ራፓላ እ.ኤ.አ. በ1905 በደቡብ ፊንላንድ በሲስማ ተወለደ። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ አሲካላ በተዛወረ ጊዜ የአጥቢያው ቄስ የእናቱን የቤተሰብ ስም ማስታወስ ስለተሳነው በመዝገቡ ላይ የመጡበትን መንደር ስም እንዳሰፈረና መጠሪያቸውም በዚሁ እንደጸና በቤተሰቡ ዘንድ ይነገራል። በ1928 ኤልማ የተባለችን ሴት አግብቶ ልጆች ካፈራ በኋላ፣ ክረምቱን በደን እንጨት ቆራጭነት፣ ውሃው ከበረዶ ነጻ በሚሆንበት ወራት ደግሞ በዓሣ አስጋሪነት ይተዳደር ነበር። የሚያጠምድበት የፓይየነ ሐይቅ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱም በአንዳንድ ስፍራ 95 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ በፊንላንድ ከሚገኙት ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ቀዛፊው አጥማጅ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ረጅም ገመድ ይዘረጋ ነበር፤ እያንዳንዱን መንጠቆ በትል ወይም በትንሽ ዓሣ መሙላት፣ የተበላውን መተካት፣ የተጠላለፈውን መፍታት ከዓሣ ማጥመዱ ይልቅ ብዙ ጊዜና ጉልበት የሚበላ ሥራ ነበር።

ራፓላን ከሌሎች አጥማጆች የለየው በጀልባው ላይ ሆኖ ውሃውን ሲመለከት ያስተዋለው አንድ ነገር ነው። ፓይክና ትራውት የተባሉት አዳኝ ዓሦች ወደ ትንንሽ ዓሦች መንጋ ሲገቡ ያገኙትን ሁሉ አይነጥቁም፤ ከመንጋው መካከል ሚዛኗን ስታ ወደ ጎን እየተንገዳገደች የምትዋኘውን መርጠው ያጠቃሉ። ይህ ምርጫ ከተፈጥሮ ቁጠባ የሚመነጭ ነው፤ የተጎዳች ወይም የደከመች ዓሣ ለመያዝ የምትጠይቀው ጉልበት አነስተኛ ነውና። በኢትዮጵያ በጫሞ ሐይቅ የሚኖረውን ናይል ፐርች የመሰለ አዳኝ ዓሣም በሰው ሠራሽ ማጥመጃ ሊያዝ የሚችለው ለሚንቀሳቀስ ታዳኝ ባለው ትኩረት ምክንያት ነው። ራፓላ ከዚህ ትዝብት የደረሰበት ድምዳሜ ማጥመጃው ጤነኛ ዓሣን ሳይሆን የታመመች ዓሣን መምሰል አለበት የሚል ነበር፤ የሥራው ታላቅነት ሁሉ ያለው በዚህ ሐሳብ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ከብዙ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1936 የተሳካለትን ማጥመጃ የሠራው ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት ቢላዋ ቡሽ ቀርጾ ነው። ቡሽ የተባለው ከአንድ የዛፍ ዝርያ ቅርፊት የሚገኝ፣ ውስጡ በአየር የተሞላ ስለሆነ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ቁስ ሲሆን፣ ራፓላ ይህን የቀጭን ዓሣ ቅርጽ ሰጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ገላውን ለማስጌጥም ከቸኮሌትና ከአይብ መጠቅለያ የተገኘውን ብርማ ስስ ወረቀት ለጠፈበት። የዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቀው ጓኒን የተባለ ንጥረ ነገር በቆዳው ውስጥ እንደ ስስ መስተዋት ተደርድሮ ብርሃንን ስለሚመልስ ነው፤ ማንኛውም ነጭ ወይም ግራጫ ቀለም ይህን ነጸብራቅ ሊተካው አይችልም። ስለዚህ በቤት የተገኘው መጠቅለያ ለጉዳዩ ከቀለም የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ብርማው ወረቀት ግን በፓይክ ጥርስ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ከተቀደደም ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ለመከላከል ራፓላ ያገለገሉ የፎቶግራፍ ኔጋቲቮችን አቅልጦ ማጥመጃውን ሸፈነበት። የፎቶግራፍ ፊልም ገላው ሴሉሎስ ከተባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር የሚሠራ ግልጽ ቁስ ነውና ሲቀልጥ እንደ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ሲደርቅም ብርሃን የሚያስተላልፍ ጠንካራ ቆዳ ይሆናል። በዚያ ዘመን ብዙ ፊልም የሚሠራበት የሴሉሎስ ናይትሬት ዓይነት በእሳት ፈጥኖ የሚቀጣጠል ስለነበር በቤት ውስጥ ማቅለጡ አደጋ ያለበት ሥራ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ስለ ማጥመጃ ሥራ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን የመጨረሻ ሽፋን ውበት ብቻ አድርገው ያልፉታል፤ አጉል ግምት ነው። እንጨት ወይም ቡሽ ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ያብጣል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል፤ ክብደቱ ሲለወጥ ደግሞ በጥንቃቄ የተገኘው መንገዳገድ ይጠፋል። በተቃራኒው ሽፋኑ ከመጠን በላይ ከወፈረ ማጥመጃው ደንዝዞ እንደ ግንድ ይጎተታል። ዛሬም በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ባልሳ የተባለውን እጅግ ቀላል እንጨት ቀርጸው፣ በመጀመሪያ ውሃ በማያስገባ ፈሳሽ ይነክሩታል፤ ቀጥሎ ቀለም ቀብተው በመጨረሻ ኢፖክሲ ይደርቡበታል። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሙጫ ስለሆነ፣ እስኪጠነክር ድረስ ወደ ታች ወርዶ በአንድ በኩል እንዳይከማች ማጥመጃውን ቀስ እያለ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ያስሩታል።

ለማጥመጃው እንቅስቃሴውን የሚሰጠው ከአፉ በታች የሚገጠመው ትንሽ ምላስ ነው። ማጥመጃው ሲጎተት ውሃው ምላሱን ስለሚገፋው ጭንቅላቱ ወደ ታች ይዘቀዝቃል፤ ከምላሱ ግራና ቀኝ በየተራ የሚፈጠሩት ሽክርክሪቶችም ገላውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል። ሆኖም ሁለት በእጅ የተሠሩ ማጥመጃዎች ፈጽሞ አንድ ሊሆኑ አይችሉምና እያንዳንዱ በውሃ ውስጥ መፈተን አለበት፤ ወደ ግራ የሚያዘነብል ከሆነ ክሩ የሚታሰርበት የሽቦ ቀለበት በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለም በተቃራኒው። ለዓይን የማይታይ ለውጥ በውሃው ውስጥ ያለውን አካሄድ ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል።

ከጊዜ በኋላ ዝናው ከመንደሩ አልፎ ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮን ዌበርና ሬይ ኦስትሮም የተባሉ የሚኒሶታ ነጋዴዎች ማጥመጃውን ወደ አሜሪካ ማስገባት ጀመሩ። በነሐሴ 1962 ላይፍ መጽሔት ስለ ራፓላ አንድ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ያው ዕትም የማሪሊን ሞንሮን ሞት ተከትሎ የታተመ በመሆኑ እጅግ በብዙ ሰው እጅ ገባ፤ ትዕዛዙም በአንድ ቤተሰብ ጓዳ ሊሟላ ከሚችለው በብዙ እጥፍ በልጦ ጎረፈ። ሥራው ወደ ፋብሪካ ሲሸጋገርና ቡሹ በባልሳ ሲተካ፣ ራፓላና ልጆቹ ያልተውት አንድ ልማድ እያንዳንዱን ማጥመጃ ከመሸጡ በፊት በውሃ ገንዳ ውስጥ ጎትቶ አካሄዱን በእጅ ማስተካከል ነበር፤ ላውሪ ራፓላ በ1974 ካረፈ በኋላም ስሙን የያዘው ኩባንያ ይህን ፈተና የምርቱ መለያ አድርጎ ቀጥሎበታል።