የፕሮሰሰር ለውጥና የነባር ኮምፒዩተሮች ዕድሜ

በጭሮም ሆነ በሂርናና በገለምሶ ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዋጋው ነው፤ ፕሮሰሰሩ እስከ መቼ ድጋፍ እንደሚያገኝ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የአፕል ኮምፒዩተሮች በአካባቢያችን ብዙም ባይታዩም፣ ታሪካቸው ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ከሞቶሮላ 68000 ወደ ፓወርፒሲ ተሸጋገረ፤ በ1998 የወጣው ማክ ኦኤስ 8.5 ነባሮቹን ተዋቸው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ እነዚያ ኮምፒዩተሮች ፊደላችን ዓለም አቀፍ መለያ ሳያገኝ ተሰናበቱ ማለት ነው። በ2006 ወደ ኢንቴል ሲታለፍ ጊዜው ይበልጥ አጠረ፤ በ2009 የወጣው ስኖው ሌፐርድ በፓወርፒሲ ላይ አይሠራም። ኩባንያው በ2020 የራሱን ፕሮሰሰር ካወጣ በኋላ ግን የኢንቴሎቹ ጊዜ ረዘም ብሏል፤ የመጨረሻቸው በ2025 የወጣው ታሆ ነው።

ሆኖም ዘመኑ የሚቆጠረው ከሽግግሩ እንጂ ከግዢው ቀን አይደለም። በኢንቴል የሚሠራው ማክ ፕሮ እስከ 2023 ይሸጥ ስለነበር፣ ያን ጊዜ የገዛው ሰው አዲስ ሥርዓት ያገኘው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ያገለገለ ኮምፒዩተር በስጦታ የሚቀበል ትምህርት ቤትማ ከዚህም ያነሰ ይደርሰዋል (ለትየባ ትምህርት ግን ያው ኮምፒዩተር ገና ብዙ ያገለግላል)። ስለሆነም በንብረት መዝገብ ላይ ከመለያ ቁጥሩ ጎን የፕሮሰሰሩ ዓይነትና የተሠራበት ዓመት ቢጻፍ መልካም ነው።