ቅንብርን ያስተማረው የሒሳብ ሠራተኛ

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት፣ ኒዋርክ በምትባል ከተማ፣ አንድ ወጣት በጅምላ የምግብ ሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ መዝገብ ይይዝ ነበር። ፎቶ ማንሣት የሚችለው ሥራ ሳይገባ ማለዳ ወይም ከሥራ ወጥቶ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ገንዘቡም እንደ ጊዜው አጭር ነበር። ያኔ ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ በመሆኑና መስታወቱም ውድ ስለሆነ፣ አቅሙ የሚፈቅድለት በሳምንት ሁለት ያህል ብቻ ነበር። ሁለት ዕድል ብቻ ያለው ሰው በዘፈቀደ አያነሣም። ክላረንስ ዋይትም ቀኑን ቁጥር ሲደምር እየዋለ የሚያነሣውን ምስል በሐሳቡ ያሰናዳ ነበር፤ ሰውየው የት እንደሚቆም፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ምን ያህሉ ቦታ ባዶ እንደሚተው አስቀድሞ ይወስናል።

ከባለቤቱ፣ ከዘመዶቹና ከወዳጆቹ ሌላ የሚያነሣው ሰው አልነበረውም፤ ስቱዲዮም አልነበረውም። ያም ሆኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሙ ከኒዋርክ አልፎ ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ1902 ፎቶ አንሺው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ፎቶግራፍ ከሥዕል እኩል ጥበብ መሆኑን ለማሳወቅ ማኅበር ሲያቋቁም ዋይት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በ1906 የሒሳብ ሥራውን ትቶ ቤተሰቡን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ትልቁ ሥራው ግን ራሱ ያነሣው ፎቶ አልነበረም። በአሜሪካ የፎቶግራፍ ቅንብርን እንደ ትምህርት አደራጅተው ለጀማሪ ካስተማሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው።

የዚህ ትምህርት ጊዜው ደርሶ ነበር። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ለገበያ ያወጣው ኮዳክ ካሜራ መቶ ፎቶ የሚያነሣ ጥቅል ፊልም ተጭኖበት ይሸጥ ጀመር፤ በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለችው ትንሽ ካሜራ በአንድ ዶላር ወጣች። ኬሚካልና መስታወት የሚያውቁ ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ይዘውት የነበረው ሥራ በሕፃናት እጅ ሳይቀር ገባ። ምስል ማግኘት ቀላል ሲሆን ጥያቄው ወደ ሌላ ዞረ፤ ከዚህ ሁሉ ነገር መካከል ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺ ሙያውን የሚማረው ከባለሙያ ጎን ቆሞ ነበር። የአዲስ አበባም ታሪክ ይኸው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ካሜራውን ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶርኮም አውርሶ፣ ሥራው በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቋል። ፎቶ ቤት ያልተወለደና ባለሙያ ያላስጠጋው ሰው መጻሕፍትን ማገላበጥ ነበረበት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ የሠዓሊዎችን የቅንብር ሕግ ለፎቶ አንሺዎች አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፍ የተማሪውን ሥራ አይቶ አያርምም።

ዋይት የተመረኮዘበት ዘዴ የመጣው አርተር ዌስሊ ዳው ከተባለ ሠዓሊ ነው። ዳው ፓሪስ ሄዶ ተፈጥሮን አስመስሎ መሣል ተምሮ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አላረካውም። እ.ኤ.አ. በ1891 በቦስተን ቤተ መጻሕፍት የጃፓናዊውን የሆኩሳይን የእንጨት ኅትመቶች ሲያገኝ አስተያየቱ ተለወጠ። በእነዚያ ኅትመቶች ውስጥ ጥልቀትና ጥላ እምብዛም የለም፤ ውበቱ ያለው ወረቀቱ በተከፋፈለበት መንገድ ላይ ነው። ዳው በቦስተን ሙዚየም የጃፓን ጥበብ ኃላፊ ከነበረው ከኧርነስት ፌኖሎሳ ጋር ሆኖ ይህንን ወደ ማስተማሪያነት ለወጠውና በ1899 «ቅንብር» የተሰኘውን መጽሐፉን አወጣ።

የዳው ልምምድ ቀላል ይመስላል። ተማሪው አራት ማዕዘን ይሠራል፤ በውስጡ ጥቂት መስመሮች ያሰምራል። ከዚያ ያንኑ አራት ማዕዘን ደግሞ ይሠራና መስመሮቹን ያዛውራል፤ እንደገና፣ እንደገና። በመጨረሻ ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመርጣል። ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ ይመጣል፤ ጃፓኖች ኖታን በሚሉት በዚህ ልምምድ ተማሪው ዝርዝሩን ሁሉ ትቶ ጨለማው ክፍል የት፣ ብርሃኑ ክፍል የት እንደሚያርፍ ብቻ ያስባል። ዳው አምስት መንገዶችን ለይቶ አስቀምጧል፦ ቀጥ ያለና አግድም መስመር ሲገናኙ የሚፈጠር ተቃርኖ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ መሸጋገሪያ፣ አንዱ ነገር መሪ ሆኖ ሌሎቹ እሱን የሚከተሉበት ሥርዓት፣ ድግግሞሽ፣ እንዲሁም የግራና የቀኝ ሚዛን።

ይህ ሁሉ ለሠዓሊ የታሰበ ነው። ፎቶ አንሺው ግን ዛፉን ከቦታው ሊያነሣው አይችልም። ማድረግ የሚችለው ራሱ መንቀሳቀስ ነው፤ ወደ ጎን መራመድ፣ መንበርከክ፣ ብርሃኑ እስኪዞር መጠበቅ። ዋይት ሌላ አማራጭ ባልነበረው ዘመን ለብቻው የለመደው ይህንኑ ነበር።

ዳው እ.ኤ.አ. በ1907 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ እንዲያስተምር ሲጋብዘው ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። በ1910 ዋይት በሜይን ግዛት ባሕር ዳርቻ የክረምት የፎቶግራፍ ትምህርት ጀመረ፤ በ1914 ደግሞ በኒውዮርክ በራሱ ስም ትምህርት ቤት ከፈተ። የካሜራውንና የኅትመቱን ዘዴ ፖል አንደርሰን ያስተምር ነበር። የጥበብ ታሪክና የንድፍ ትምህርቱን የያዘው ግን ሠዓሊው ማክስ ዌበር ነው፤ ዌበር መጀመሪያ የዳው፣ በኋላም በፓሪስ የሠዓሊው የማቲስ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። የፎቶ ተማሪዎች ኩቢዝም የሚባለውን አዲስ የሥዕል መንገድ ከውስጥ ከሚያውቅ ሰው ይሰሙ ነበር ማለት ነው።

ለተማሪዎቹ የሚሰጠው ሥራ ሆን ተብሎ ተራ ነገር ላይ ያተኮረ ነበር። የተማሪውን ዓይን የሚሸፍን ውብ ተራራ ወይም ዝነኛ ሰው ከሌለ፣ የሚቀረው ቅርጽ፣ ብርሃንና ጠርዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ገደማ የዋይትን ትምህርት በኮሎምቢያ የተከታተለችው ዶሮቲያ ላንግ፣ ተማሪዎች በአቅራቢያው ያለውን አንድ የማያምር የብረት በር ደጋግመው እንዲያነሡ ይታዘዙ እንደነበር ታስታውሳለች። ላንግ ራሷ የቤት ሥራውን አልሠራችም፤ ክፍል ግን አትቀርም ነበር። መምህሩ የማያስገድድና የተማሪውን ሥራ በለዘበ አንደበት የሚመዝን ሰው ነበር።

ከወጥ ቤት ዕቃ ምን ሊወጣ እንደሚችል ያሳየችው ካናዳዊቷ ማርጋሬት ዋትኪንስ ነች። ተማሪ ሆና ገብታ መምህር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1919 ያነሣችው የወጥ ቤት ማጠቢያ ፎቶ ያልታጠቡ ዕቃዎችን፣ የወተት ጠርሙስንና ማንቆርቆሪያን ይዟል። ዓይን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው፣ ከውኃው ብልጭታ ወደ ቧንቧው ጥላ ይጓዛል፤ ያልተስተካከለ የሚመስለው ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ብዙ ሴቶች ወደ ሙያው እንዳይገቡ በሚታገዱበት ዘመን ይህ ትምህርት ቤት በሩን ስለከፈተላቸው ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

ፖል አውተርብሪጅ በ1921 ገባ። በማግሥቱ ዓመት ለአንድ የሸሚዝ ኮሌታ አምራች ማስታወቂያ እንዲያነሣ ሲታዘዝ ኮሌታውን በሰው አንገት ላይ አላደረገውም። ጥቁርና ነጭ ገበታ ላይ ብቻውን አስቀመጠው። በቀጥታ መስመሮቹ ድግግሞሽ መካከል አንዲት ነጭ ጥምዝ ትጎላለች፤ የዳው ተቃርኖና የጥቁርና ነጭ ልምምድ በአንድ ፎቶ ተጠቃልለዋል። ማስታወቂያው በቫኒቲ ፌር መጽሔት ወጣ፤ ሠዓሊው ማርሴል ዱሻምፕም ቆርጦ በፓሪስ ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

የላንግ መንገድ ከዚህ ሁሉ የራቀ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ አጠገብ፣ አዝመራ ለመሰብሰብ መጥተው ሥራ ካጡ ስደተኞች መካከል አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር በድንኳን ሥር ተቀምጣ አገኘች። በተከታታይ ያነሣቻቸው ፎቶዎች ዛሬም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ድንኳኑ፣ ሜዳውና ጓዙ ሁሉ ይታያል። ላንግ ወደ ፊት በተጠጋች ቁጥር አንድ ነገር ከጠርዙ ይወጣል። ዓለም በሚያውቀው የመጨረሻው ፎቶ ድንኳኑ ጨርሶ የለም ለማለት ይቻላል፤ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው በእናታቸው ትከሻ ተደግፈዋል፤ ሕፃኑ በእቅፏ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ፊት አንድ ብቻ ነው። መሪው ነገር ተለይቶ ሌሎቹ የተከተሉት እንዲህ ነው። የቤት ሥራውን ያልሠራች ተማሪ ትምህርቱን ይዛ እንደሄደች ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሌሎቹም በየፊናቸው ሄዱ። ካርል ስትረስ ሆሊውድ ገብቶ «ሰንራይዝ» ለተሰኘው ፊልም ባደረገው ቀረጻ ከቻርልስ ሮሸር ጋር የመጀመሪያውን የኦስካር የሲኒማ ቀረጻ ሽልማት ተጋራ። ማርጋሬት ቦርክ-ዋይት ትምህርቱን የወሰደችው እናቷ በገዛችላት፣ ሌንሱ በተሰነጠቀ ካሜራ ነበር፤ በኅዳር 1936 የወጣው የላይፍ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ሽፋን የእሷ የፎርት ፔክ ግድብ ፎቶ ነው። ላውራ ጊልፒን ወደ ኮሎራዶ ተመልሳ የናቫሆ ሕዝብን ኑሮ ለአሥርት ዓመታት መዘገበች። ግድብ፣ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የስደተኛ እናት፦ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ እነዚህ ሥራዎች ከአንድ ክፍል መውጣታቸው የትምህርቱን ጥንካሬ ያሳያል። ዋይት የራሱን ለስለስ ያለ፣ ጭጋግ የመሰለ የአነሣሥ ስልት ለማንም አላወረሰም፤ ያወረሰው ቦታን የመከፋፈል ልማድ ነው።

ዛሬ ጀማሪ ተማሪ በመጀመሪያ የሚሰማው ሦስት ቦታ የመክፈል ሕግን ነው፤ የስልክ ካሜራዎችም መስመሮቹን በስክሪኑ ላይ ያሳያሉ። ይህ ሕግ ከፎቶግራፍ መፈጠር ቀድሞ የነበረ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ገጠር ትዕይንት አሣሣል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስም ሰጥቶታል። ሕጉ ጠቃሚ ነው፤ ግን መልሱን አስቀድሞ ይሰጣል። የዳውና የዋይት ክፍል የተለየው እዚህ ላይ ነበር። ተማሪው አንዱን በር ከብዙ አቅጣጫ አንሥቶ የትኛው እንደሚሻል በራሱ ዓይን እንዲፈርድ ይደረግ ነበር። ያ ፍርድ በሌላ ሰው መስመር አይተካም፤ ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ የጎደለውም በብዛት እሱ ነው።

ዋይት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1925 ተማሪዎቹን ይዞ ሜክሲኮ ሲቲ በሄደበት በ54 ዓመቱ ድንገት ሞተ። ማለዳ ኒዋርክ ውስጥ መስኮት አጠገብ ትቆምለት የነበረችው ባለቤቱ ጄን ትምህርት ቤቱን እስከ 1940 መራች፤ ከዚያ ልጃቸው ተረከበው፤ በ1942 በጦርነቱ ዘመን ተዘጋ። የስቲግሊትዝ ስም በታሪክ መጻሕፍት ሲገንን የዋይት ስም ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተገፍቶ ቆየ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 በሙዚየሙ ያሉትን የእሱን ፎቶዎችና ሰነዶች መሠረት አድርጎ ያዘጋጀው ትልቅ ዐውደ ርእይ ከዚያም ወደ ሌሎች ሙዚየሞች ተዘዋውሮ የመምህሩን ሥራ ከዘመኑ ሰዎች ሥራ ጋር አብሮ ለሕዝብ አሳየ።