ግርዛት የማን ሥልጣን ነው? ከሲፓራ ባልጩት እስከ ላስታ አመፅ



በወልዲያና በቆቦ መካከል ባለችው ጎብዬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወንድ ልጁን ያስገርዛል። ክርስቲያኑ በስምንተኛው ቀን፣ ሙስሊሙ እንደየቤቱ ልማድ ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ። ሁለት ልጆች አብረው ወንዝ ቢወርዱ የማን ልጅ እንደሆኑ ከገላቸው አይታወቅም፤ የሚለያቸው አንገት ላይ ያለው ማተብ ነው። ለራያ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ይኸው ግርዛት ግን ሌላ ቦታ ሰውን ለሁለት ከፍሏል፤ ነገሥታትንም አጨቃጭቋል። ክርክሩ ስለ ሥጋው ብቻ አልነበረም። «እዘዝ፣ ከልክል» የማለት ሥልጣን የማን ነው የሚል ነበር።

ከመነሻው እንጀምር። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ላይ ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) በ99 ዓመታቸው፣ ልጃቸው ኢስማዒል (ዐ.ሰ) ደግሞ በ13 ዓመቱ በአንድ ቀን ተገረዙ ይላል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ የኢብራሂም ዕድሜ 80 ነው። ሁለቱም ጋ ትእዛዙ የመጣው ከላይ ነው፤ በመካከል ካህንም ሸንጎም የለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ታሪክ አለ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ምስር ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ሞት በተቃረበ ሰዓት ባልጩት አንስታ ልጇን የገረዘችው ሚስታቸው ሲፓራ ናት። እሷም የምድያም ሴት ነበረች።

ክርክሩ የጠናው በ50 ዓ.ም ገደማ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንደሚለው፣ ከአሕዛብ የመጡ አማኞች ካልተገረዙ አይድኑም የሚሉ ወገኖች ተነሡ፤ ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ኢየሩሳሌም ተሰበሰቡና ይህን ሸክም አንጭንባቸውም አሉ። ጳውሎስ ይህንኑ ውሳኔ ይዞ ወጣ። ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ እናቱ አይሁዳዊት የሆነችውን ጢሞቴዎስን ራሱ ገረዘው! ውሳኔው በተላለፈ ማግስት እንኳ የአካባቢውን ሰው ልማድ ችላ ማለት አልተቻለም።

ሮም ግን እንዲህ አላለዘበችም። የፍሎረንስ ጉባኤ በ1442 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጋር ባወጣው የአንድነት ሰነድ፣ ክርስቲያን የሆነ ሁሉ ከጥምቀት በፊትም ሆነ በኋላ ግርዛትን እንዲተው አዘዘ። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ፖርቱጋል ሲደርስ የጠበቀው ይህ መንፈስ ነው። ቊርባን ተከለከለ። በ1534 ስለ አገሩ ሃይማኖትና ግርዛት ማብራሪያ ጻፈ፤ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ በ1540 አሳተመለት፤ ፖርቱጋል ውስጥ መጽሐፉ ታገደ። በ1536 ኢንኩዊዚሽን በተቋቋመበት አገር የተገረዘ ሰው በአይሁድነት ወይም በእስልምና ይጠረጠር ነበርና።

ከዚያ ዐፄ ገላውዴዎስ መጡ። በ1543 ኢማም አሕመድን ወይና ደጋ ላይ ያሸነፉት ንጉሥ፣ በ1555 ለኢየሱሳውያኑ ክስ የእምነት መግለጫ ጻፉ። ግርዛታችን የሙሴን ሕግ ለመጠበቅ አይደለም፤ እንደ ፊት ንቅሳትና ጠባሳ ያለ የአገር ልማድ ነው አሉ። ብልህ መልስ ነው፤ «ሃይማኖት ነው» ቢሉ አይሁድ ይባላሉ፣ «ይቅር» ቢሉ አገሩ አይሰማቸውም። ግን በየዓመቱ ጥር 6 የግዝረትን በዓል የሚያከብር ሰው እንደ ፊት ጠባሳ ብቻ ያየው ነበር ማለት ይከብደኛል።

ዐፄ ሱስንዮስ ያንን ጥበብ አልተከተሉም። በ1622 ካቶሊክነታቸውን ገለጹ፤ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ከመጣ በኋላ ግርዛትም የቅዳሜ ሰንበትም ተከለከሉ። አመፁ በየቦታው ተነሣ። ከቆቦ ቆላ ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ ተራሮቹ የሚታዩት ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ሸፈተ። ሱስንዮስ በሰኔ 1632 የላስታን ጦር ድል ቢያደርጉም የሬሳው ብዛት ራሳቸውን ሰበራቸው፤ በዚያው ወር የቀደመው እምነት እንዲመለስ አወጁ። ዙፋኑም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሆነ።

እኛስ? ቁርኣን ግርዛትን በስም አያነሳም፤ ሐዲስ ከፊጥራ ይቆጥረዋል። ሻፊዒዮች ለወንድ ዋጂብ፣ ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ሱንና ይሉታል፤ በወሎ ሻፊዒም ሐነፊም አለ፤ በዚህ ግን ጎረቤት ከጎረቤት አልተጣላም።

የሴት ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የዘፍጥረቱ ትእዛዝ ወንድን ብቻ ይላል፤ ሆኖም ጸጋ ዘአብ ያኔ ሴቶችም እንደሚገረዙ ጽፏል። የቀድሞ ፉቀሃዎቻችን አስተያየትም የተለያየ ነበር። በኅዳር 2006 ግን ካይሮ ላይ በአል-አዝሃር የተሰበሰቡ ዑለማዎች፣ የግብጹ ሙፍቲ ዐሊ ጁምዓ ጭምር፣ ድርጊቱ በሸሪዓ መሠረት የለውም፣ ጉዳትም ነው ብለዋል። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ያስቀጣል። በእኛ ሰፈር አሁንም «የእናቶቻችን ወግ ነው» የምትል አያት ሐኪሙንም ኢማሙንም ትቀድማለች፤ ሕፃኗን ታቅፋ ቤት ውስጥ የምትውለው እሷ ናትና።