ሞ ፋራህ እና ያልቀናው የለንደን ማራቶን

ሰር ሞ ፋራህ የተወለደው ከሐርጌሳ በስተምዕራብ በምትገኘው የሶማሊላንዷ ገቢሌ ከተማ ነው። በልጅነቱ በሕገወጥ መንገድ ወደ ብሪታኒያ መወሰዱን ይፋ ያደረገው እአአ በ2022 ነበር።

በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካጠለቀ በኋላ፣ ያደገባት ከተማ በጎዳና ላይም ድል ትጠብቅበት ጀመር። በ2013 ለልምምድ ያህል የማራቶኑን ግማሽ ሮጠ፤ ሙሉውን የሞከረው በ2014 ነው።

በዚያ ዕለት ኃይሌ ገብረሥላሴ መሪዎቹን እያሯሯጠ ሲጓዝ ፋራህ ከኋላ ቀረ። በ2:08:21 ስምንተኛ ወጣ፤ ከአሸናፊው ዊልሰን ኪፕሳንግ አራት ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ማለት ነው። ስቲቭ ጆንስ በ1985 ያስመዘገበውን የብሪታኒያ ክብረ ወሰን 2:07:13ንም ማሻሻል አልቻለም። ቀነኒሳ በቀለ ከሳምንት በፊት የመጀመሪያ ማራቶኑን ፓሪስ ላይ በ2:05:04 ማሸነፉ ንጽጽሩን አከበደበት።

ችግሩ የአቅም ብቻ አልነበረም። ፋራህ በመም ላይ ተፎካካሪዎቹን የሚረታው ጉልበቱን ቆጥቦ በመጨረሻው ዙር በመፈትለክ ነው። አሯሯጮች ከመነሻው ጀምሮ ፍጥነቱን በሚያከሩበት ማራቶን ግን፣ መጨረሻው ላይ ከመሪዎቹ ጋር ላልደረሰ ሯጭ ይህ ስልት ፋይዳ የለውም።

በ2018 ለንደን ላይ በ2:06:21 ሦስተኛ ሆኖ የጆንስን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ሞስነት ገረመውን አስከትሎ ቺካጎ ላይ በ2:05:11 አሸነፈ። ለንደን ላይ ግን በ2019 አምስተኛ፣ የመጨረሻ ማራቶኑን በሮጠበት በ2023 ደግሞ ዘጠነኛ ሆነ።